የበጀት አፈጻጸሙ 97 በመቶ ነው፤ ለዘላቂ ልማቱስ ምን አበረከተ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። በሰሜን ሸዋ፣ ከፊሉ ደጋ ከፊሉ ቆላ በሆነ ወረዳ የሚሠሩ የዕቅድና ክትትል ባለሙያ እንዲህ ጠይቀዋል፦ «ባለፉት አምስት ዓመታት በጥቅል በጀት (ክልሉ ለወረዳው በሚመድበው)፣ በሴፍቲኔት፣ በዋን ዋሽ (በብሔራዊው የውሃና የንጽህና መርሐ ግብር) እና በመያዶች (መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች) በኩል ለውሃ፣ ለተፋሰስ፣ ለመንገድና ለአነስተኛ መስኖ ብዙ ገንዘብ ገብቷል። ሪፖርታችን አፈጻጸሙ 97 በመቶ ነው ይላል። አሁን ገንዘቡ ለዘላቂ ልማት ያበረከተውን ገምግማችሁ አቅርቡ ተብለናል። ሁለት ባለሙያ፣ አንድ ሞተር ሳይክልና ስድስት ሳምንት አለን። ከየት እንጀምር?»

መጀመሪያ 97 በመቶው ምን እንደሆነ ለዩ። በአብዛኛው ከተያዘው በጀት ስንቱ ወጪ ሆነ ማለት ነው፤ አንዳንዴ ከታቀደው የአካል ሥራ ስንቱ ተሠራ ማለት ነው፤ ሁለቱ ተደባልቀው የተጻፉበት ሪፖርትም ብርቅ አይደለም። የትኛውም ቢሆን ስለ አስተዋጽኦ አይናገርም። ተሠርቶ የማያገለግለውም፣ ሁለት ዓመት አገልግሎ የቆመውም በዚያ 97 ውስጥ ተቀምጧል። ከሒሳብ መዝገቡ ግን አንድ ነገር ቀድማችሁ አውጡ፦ በየዓመቱ ከካፒታል ወጪው ስንት እጁ በሰኔ ወር ብቻ ተከፈለ? ሰኔ 30 ደርሶ በጀቱ እንዳይመለስ ተብሎ የተጣደፈ ክፍያ ያለበት ሥራ በመስክ ዝርዝራችሁ ውስጥ ይግባ። ዝናብ ላይ የተሞላ ኮንክሪትና ሳይፈተሽ የተፈረመ ርክክብ የሚገኘው እዚያ ነው።

የዓለም አቀፍ ገምጋሚዎች ስድስት መመዘኛ አላቸው፦ አግባብነት፣ ተናባቢነት፣ ውጤታማነት፣ ቅልጥፍና፣ ለውጥ ማምጣትና ዘላቂነት። ለሁለት ሰውና ለስድስት ሳምንት ስድስቱንም እኩል መሙላት ወረቀት ማብዛት ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ያዙ፤ ቅልጥፍናው ከእነሱ ጋር በራሱ ይወጣል። የ17ቱን ዘላቂ የልማት ግቦች ሰንጠረዥ ሠርቶ በየፕሮጀክቱ ፊት ምልክት ማድረግም ግምገማ አይደለም፤ ያ ፕሮጀክቱ ስለምን እንደሆነ እንጂ ምን እንዳመጣ አይናገርም።

የመጀመሪያው ሳምንት የቢሮ ሥራ ነው። ገንዘቡን በመጣበት መንገድ ለዩት፦ በገንዘብ ጽሕፈት ቤት በኩል የሚያልፈው (ቻናል አንድ)፣ በዘርፍ መሥሪያ ቤት በኩል የሚመጣው (ቻናል ሁለት)፣ ለጋሹ ወይም መያዱ ራሱ ይዞ የሚያወጣው (ቻናል ሦስት)። ሦስተኛው በእናንተ መዝገብ ውስጥ የለም፤ ሥራው ግን በውሃ ወይም በግብርና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ውስጥ አለ። ካልለያችሁት ሥራው የሁሉም፣ ወጪው የመንግሥት ብቻ ሆኖ ይወጣና ወረዳው በርካሽ የሠራ ይመስላል። የተገላቢጦሹ ስህተት እርከን ላይ ነው። ያው ኮረብታ በሴፍቲኔት የማኅበረሰብ ሥራ ይመዘገባል፣ በጥርና በየካቲት የሕዝብ ንቅናቄም ይመዘገባል። ሁለቱን መዝገቦች በጎጥና በተፋሰስ ስም አመሳክሩ። ሌላው ቀላል ፍተሻ ድምር ነው፤ በየዓመቱ «አዲስ» ተብሎ የተመዘገበው ሄክታር ሲደመር ከወረዳው ተዳፋት መሬት ከበለጠ ያው መሬት ተደጋግሞ ተቆጥሯል።

የብሩንም ዋጋ አስተካክሉ። የ2010ን አንድ ሚሊዮን ብር ከ2015ቱ ጋር ደምሮ ማቅረብ አያስኬድም። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት (የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ) ያወጣው የዋጋ ማውጫ ከሌላችሁ ከራሳችሁ የጨረታ ሰነድ የሲሚንቶ ኩንታልና የቀን ሠራተኛ ዋጋ በየዓመቱ አውጡና በዚያ መንዝሩት። ኩንታሉ 250 ብር ሳለ አንድ ሚሊዮን ብር 4,000 ኩንታል ይገዛል ብንል፣ 1,000 ብር ሲገባ 1,000 ኩንታል ብቻ ነው። በጀታችን በየዓመቱ አደገ የሚለው መግቢያ ብዙ ጊዜ በዚህ ስሌት ይጠፋል።

ቀጥሎ ምርጫ። ሁሉን ማየት አትችሉም። ፕሮጀክቶቹን በደጋ፣ በወይና ደጋና በቆላ ከፋፍላችሁ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ በተጠናቀቁበት ዓመት ደርድሩ። 84 ቢሆኑ፣ ከ1 እስከ 4 ዕጣ አውጥታችሁ ከወጣው ቁጥር ጀምሮ በየአራተኛው ውሰዱ፤ 21 ይሆናሉ፤ በሞተር በሦስት ሳምንት ይዳረሳሉ። ቢያንስ ግማሾቹ ከተጠናቀቁ ሦስት ዓመት ያለፋቸው ይሁኑ፤ አምና የተመረቀ ቦኖ ስለ ዘላቂነት የሚመሰክረው የለውም። ምርጫውን ለቀበሌ አመራር አትተዉ። የሚወስዳችሁ አስፋልት ዳር ወዳለው፣ እንግዳ ሁሉ ወደሚያየው ነው።

ውሃ ላይ ረዘም አድርጋችሁ ቆዩ፣ ምክንያቱም ለመለካት ቀላል ለመዋሸት ከባድ ነው። የጎለበተ ምንጭ ላይ ስትደርሱ 20 ሊትር ጀሪካንና የስልክ ሰዓት ይበቃል። የዘይት ጀሪካን እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ሊትር ያልፋልና አስቀድማችሁ በታወቀ መለኪያ ሞልታችሁ ምልክት አድርጉበት። ሦስት ጊዜ ሞልታችሁ መካከለኛውን ውሰዱ። 62 ሰከንድ ከፈጀ በሰከንድ 0.32 ሊትር ገደማ፣ በ24 ሰዓት ወደ 27,870 ሊትር ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የገጠር መለኪያ፣ ማለትም በሰው በቀን 25 ሊትር፣ ለ1,114 ሰው ይበቃል። ግን ማጠራቀሚያ አለው? ከሌለው የሌሊቱ ውሃ ወደ ወንዝ ነው የሚሄደው፤ የ12 ሰዓቱ ብቻ ተቆጥሮ ለ557 ሰው ይሆናል። ዲዛይኑ 1,500 ሰው ካለና ግንባታው 1.8 ሚሊዮን ብር ከፈጀ፣ በሪፖርቱ የነፍስ ወከፍ ወጪው 1,200 ብር፣ በእውነቱ ግን 3,230 ብር አካባቢ ነው ማለት ነው። ቅልጥፍና የሚባለው እዚህ ላይ ይታያል። መፍትሔውም አብሮ ይገኛል፤ አዲስ ምንጭ ከመፈለግ ይልቅ ለዚያው ምንጭ ማጠራቀሚያ መሥራት።

ከሽፋን ቁጥር ጋር ተጠንቀቁ። እስከ 2007 መለኪያው 15 ሊትር በ1.5 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ከ2008 ጀምሮ 25 ሊትር በ1 ኪሎ ሜትር ሆነ። ሽፋኑ በ2008 የወረደው ውሃ ስለጠፋ ላይሆን ይችላል፤ የሁለቱን ዘመን ቁጥር በአንድ መስመር አትሥሩት።

ከዚያ የውሃ ኮሚቴውን ሰብሳቢ ሳይሆን ገንዘብ ያዧን ጠይቁ፤ ደብተሩ ይውጣ። በወር ስንት ይከፈላል፣ ስንቱ አባወራ ይከፍላል፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተበላሸው መቼ ነው፣ ከተበላሸበት እስከተጠገነበት ስንት ቀን ሆነ፣ ጎማው ወይም ቫልቩ ከየት ተገዛ? ይህ የቀን ቁጥር ከማንኛውም መልስ ይበልጣል። በሁለት ሳምንት የተጠገነ የዘለቀ ነው፤ አራት ወር ቆሞ የወረዳ ቴክኒሻን የጠበቀ ግን ዛሬ ቢሠራም ባለቤት የለውም። የእጅ ፓምፕ ከሆነ ግማሽ ሰዓት አሳርፋችሁ ደግማችሁ ምቱ። ውሃው እስኪመጣ ብዙ ምት ካስፈለገ የታችኛው ቫልቭ እያፈሰሰ ነው፤ በቅርቡ ይቆማል። ከምንጩ በላይ ያለውን ተዳፋትም ቀና ብላችሁ እዩ። ምንጩ ራስ ላይ ባሕር ዛፍ ከተተከለ የአካባቢው ሰው ምንጩ ከመቼ ወዲህ እንደቀነሰ ይነግራችኋል፤ ባሕር ዛፉ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ የገንዘብ ምንጭ ነው። ይህን ግጭት ሳትሸፋፍኑ ጻፉት። በዘላቂ ልማት ስም የሚጻፍ ብዙ ወረቀት ኢኮኖሚው፣ ማኅበራዊውና አካባቢው አንድ ላይ የሚያድጉ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ መሬት ላይ አንዱ በሌላው ኪሳራ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው።

ተፋሰሱ ላይ ኪሎ ሜትር አትቁጠሩ። ተዳፋቱን ቁልቁል አቋርጣችሁ በ100 ሜትር መለኪያ ገመድ ሂዱና የምትሻገሩትን እርከን ሁሉ መዝግቡ፦ ያልፈረሰ፣ የተሸረሸረ፣ የታረሰ። የአፈር እርከን ተጠቅጥቆ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ቁመት እንዲኖረው ነው መመሪያው የሚለው፤ 25 ሴንቲ ሜትር ላይ የወረደው ለአንድ ኃይለኛ የሐምሌ ዝናብ አይሆንም። ተዳፋቱ 10 በመቶ፣ የእርከኖቹ የቁመት ልዩነት 1 ሜትር ከሆነ በየ10 ሜትሩ አንድ እርከን ይመጣል፤ በሄክታር 1,000 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ሪፖርቱ በሄክታር 400 ሜትር ካሳየ ሄክታሩ ተጋኗል፤ 2,500 ካሳየ ርዝመቱ።

የፈረሰውን ስታገኙ «የግንዛቤ እጥረት» ብላችሁ አትለፉት፤ ይህ ቃል ብዙ ግምገማ ገድሏል። ከ10 ሜትሩ ውስጥ ቦዩና ክምሩ 1.5 ሜትር ከያዙ ገበሬው ከማሳው 15 በመቶ አጥቷል። በደጋው መረሬ (ውሃ ቶሎ የማያሳልፍ ጥቁር) አፈር ላይ ደግሞ ውሃ የሚይዝ ደልዳላ እርከን ከላዩ ባለው ገብስ ወይም ባቄላ ላይ ውሃ ያስተኛበታል፤ ያን ጊዜ ማፍረሱ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፣ ጥፋቱ የዲዛይኑ ነው። በተቃራኒው ክምሩ ላይ ፋላሪስ (የመኖ ሣር) ወይም ትሪ ሉሰርን (የመኖ ዛፍ) ተተክሎ ለከብት የሚታጨድ ከሆነ እርከኑ ይከፍላል፣ ባለቤቱም ይጠብቀዋል። ልቅ ግጦሽ ካልቆመ ግን ሣሩም እርከኑም በመስከረም አይገኙም። ለማነጻጸሪያ ቅርብ ያለ ሀብት አላችሁ፦ በባሶና ወራና የአንዲት ጥድ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዝናብ፣ ፈሳሽና ደለል ሲመዘግብ ኖሯል። ደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ፦ ገንዘቡ ባይመጣስ ምን ይሆን ነበር? «ከፕሮጀክቱ በፊትና በኋላ» ብቻውን አይበቃም። ከፍታው፣ ከገበያ ያለው ርቀትና የበልግ ጥገኝነቱ ተቀራራቢ የሆነ፣ ገንዘቡ ያልደረሰው ቀበሌ ፈልጉ። ለምሳሌ ገንዘብ በደረሰበት ቀበሌ በ30 ደቂቃ ደርሶ መልስ ውሃ የሚቀዳ ቤተሰብ ከ22 ወደ 51 በመቶ ቢያድግ፣ ባልደረሰበት ደግሞ ከ20 ወደ 38 ቢያድግ፣ ለገንዘቡ የሚጻፍለት 29 ነጥብ አይደለም፤ 29 ሲቀነስ 18፣ 11 ነጥብ ነው። የቀረውን ሰዉ በራሱ፣ ወይም ሌላ ምክንያት አምጥቶታል። የበፊት መረጃ ከሌላችሁ ቤተሰቡን «ከአምስት ዓመት በፊት» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ኮሮና በገባበት ዓመት»፣ «የ2008ቱ ድርቅ ጊዜ» በሉ፤ ያኔ ያስታውሳል። ምርትን በአንድ ዓመት አትለኩ። መንዝ ላይ በልግ የቀረበትን ዓመት መነሻ ካደረጋችሁ ምንም ባትሠሩም ዕድገት ይወጣላችኋል።

ተቀናቃኝ ምክንያቶችን በስማቸው ጻፉ። የሞረትና ጅሩን ስንዴ ውሰዱ። እነዋሪ አካባቢ ገበሬው መረሬውን በእጁ ከፍ ከፍ አድርጎ መደብ እየሠራ ውሃ ማንጣፈፉን ከማንም ፕሮጀክት በፊት ያውቀዋል። ከዚያ ላይ ቢቢኤም (ሰፊ መደብ የሚያወጣ በበሬ የሚጎተት መሣሪያ) መጣ፣ ማዳበሪያ መጣ፣ የተሻሻለ ዘር መጣ፣ ኩታ ገጠም (ጎን ለጎን ያሉ ማሳዎችን አንድ ላይ ማልማት) መጣ፣ ኮምባይነር መጣ፣ የስንዴ ዋጋም ወጣ። በዚህ መካከል አንድ የመንገድ ፕሮጀክት «ምርታማነትን በእጥፍ አሳደግሁ» ቢል ማን ያምነዋል? «ኮምባይነሩ ለመግባት መንገዱ አስፈልጎታል፤ መንገዱ በሌለባቸው ጎጦች አሁንም በማጭድ ነው» ካለ ግን አስተዋጽኦውን በልኩ አሳይቷል።

የወረዳ ወሰንም ያታልላል። ከጣርማበርና ከመንዝ ተራሮች የሚወርደው ውሃ ነው ቀወትና ኤፍራታና ግድም ላይ ሽንኩርቱንና ማሾውን የሚያጠጣው። ላይኛው ወረዳ በፓምፕና በወንዝ ጠለፋ 60 ሄክታር አዲስ መስኖ ቢመዘግብ፣ ታች ባሕላዊ መስኖው በግንቦት ውሃ ካጣ የተጣራው ትርፍ 60 አይደለም። የታችኛውን የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሰብሳቢ በስልክ እንኳ አነጋግሩ፤ ተራው በስንት ቀን ይደርስ እንደነበርና አሁን በስንት ቀን እንደሚደርስ ጠይቁት።

ከሁሉም በላይ ዘላቂነት የሚወሰነው በካፒታል በጀቱ ሳይሆን በመደበኛው ነው። የወረዳችሁን መደበኛ በጀት አውጡና በ61 የሚጀምሩትን (የሰው ኃይል ወጪ) እና በ62 የሚጀምሩትን (ዕቃና አገልግሎት) አነጻጽሩ፤ ከ62ቱ ውስጥ ደግሞ የጥገናውን መደብ ብቻ ለዩ፤ ከእሱም ውስጥ የመኪና ጥገናውን ቀንሱ። የቀረው ነው ለውሃው፣ ለመንገዱ፣ ለጤና ኬላው ጥገና ያላችሁ። በአምስት ዓመቱ የተሠራው ንብረት 40 ሚሊዮን ብር ቢሆንና በዓመት 3 በመቶ ለጥገና ይፈልጋል ብንል 1.2 ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል። በጀቱ 180,000 ከሆነ ከሚፈለገው 15 በመቶ ነው። ይህችን አንድ ስሌት ምክር ቤቱ ፊት ብታስቀምጡ ከመቶ ገጽ ሪፖርት ትበልጣለች። የጠጠር መንገድ ላይ መጀመሪያ የሚሄደው ጠጠሩ አይደለም፤ ቱቦው በደለል ይዘጋል፣ ጎርፉ በላዩ ይሻገራል፣ ከዚያ በአንድ ክረምት መንገዱ ይቆረጣል። ቱቦ መጥረግ ደግሞ የጥቂት ሰዎች የጥቂት ቀን ሥራ ነው፤ ገንዘቡ ሳይሆን ኃላፊው ነው የሚጠፋው።

ኃላፊነትን ያለ በጀት ማቆየት እንደሚቻል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የመንዝ ጓሳ ሣር በቀሮ (የጋራ መሬትን በሚጠብቅ ባሕላዊ) ሥርዓት ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት እየተዘጋ ዘመናትን ተሻግሯል፤ ከ1967 የመሬት አዋጅ በኋላ ቀሮው ሲፈርስ ጓሳው ተጎዳ፣ ሕዝቡ በሌላ ደንብ መልሶ ያዘው። ስለዚህ መጠይቃችሁ ላይ «ደንቡ ምንድን ነው፣ የጣሰ ምን ይቀጣል፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀጣው መቼ ነው?» የሚል ይጨመር። ቅጣት ተፈጽሞ የማያውቅ ደንብ ወረቀት ነው።

ስለ ጸጥታው። በ2013 እና በ2014 አጣዬና ሸዋ ሮቢት አካባቢ በደረሰው ውድመት ማግስት ያለውን ዓመት መነሻ ካደረጋችሁ መልሶ ግንባታው ሁሉ «ልማት» ሆኖ ይታያል፤ መነሻችሁን ከውድመቱ በፊት አድርጉ፣ መልሶ የተሠራውንም በሌላ ዓምድ ጻፉ። አሁን ልትደርሱባቸው የማትችሉ ቀበሌዎች ካሉ በድሮ ሪፖርት አትሙሏቸው፤ «አልታየም» ይባል፣ ከናሙናው ስንት እጅ እንደሆኑም ይገለጽ። በሳተላይት ምስል ልምላሜ ማየት ይረዳል፤ ነገር ግን በእኛ ደጋ አረንጓዴው የጨመረበት ቦታ ያገገመ ተፋሰስ ሳይሆን አዲስ የባሕር ዛፍ ማሳ ሊሆን ይችላል። የበጋው ምስልና የክረምቱ ምስል ሲተያዩ ይለያያሉ፤ ባሕር ዛፉ በበጋም ያው ነው።

ቃለ መጠይቁን በገበያ ቀን አታድርጉት፣ ሰው የለም። ማሳ የማይታረስባቸው የበዓል ቀናት፣ እንደ 12 እና 21 ያሉት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት ውስጥ ሰው የምታገኙባቸው ናቸው። ሴቶችን ውሃ መቅጃው ላይ፣ ሊቀ መንበሩ በሌለበት አነጋግሩ፤ ሴት ባለሙያ ከሁለታችሁ አንዷ ብትሆን መልሱ ይለያል። መሬት የሌላቸውን ወጣቶችና በሴት የሚመሩ ቤተሰቦችን ለብቻ ቁጠሩ፤ መስኖ የሚጠቅመው ማሳ ያለውን ነው።

ሪፖርቱን ስትጽፉ አማካይ ነጥብ አትስጡ። ለእያንዳንዱ ዘርፍ «አበርክቷል»፣ «በከፊል»፣ «ማስረጃ የለም» ብላችሁ ፍረዱ፣ ከፍርዱ አጠገብ ማስረጃውን አስቀምጡ። ጥሩ መንገድና የቆመ ውሃ ተደምረው «መካከለኛ» አይሆኑም። «ማስረጃ የለም» ማለትም ገንዘቡ ባክኗል ማለት እንዳልሆነ በግልጽ ጻፉ፤ አለዚያ ዘርፉ ሁሉ ይቀየማችኋል።

የቀረው የጊዜው ነገር ነው። ምንጭ የሚለካው ውሃው በሚያንስበት ወቅት ነው፤ በእናንተ አካባቢ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ መጀመሪያ። ስድስቱ ሳምንት ግንቦትን ከነካ የውሃውን መስክ ወደዚያ ግፉት፤ ውጤቱ ምክር ቤቱ ሐምሌ ላይ በጀት ከማጽደቁ በፊት ይደርሳል። ከክረምት በኋላ ከሆነ ግን በመስከረም የለካችሁት ምንጭ ሁሉ «በቂ» ይላችኋል። እንደዚያ ከሆነ የተለካበትን ወር በየቁጥሩ አጠገብ ጻፉ፣ «በከፊል» ከሚለው በላይ አትፍረዱ፣ ግንቦት ሲመጣ አንድ ሰው ጀሪካኑን ይዞ ምንጮቹን ብቻ ደግሞ ይለካ።